መቀስ የነካው ካባ፦ የእንግሊዝ ካቶሊኮች ልብሰ ተክህኖ እና «ትውፊት የማን ነው?» የሚለው ሙግት

(ዘመናቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

በ1586 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክ ከተማ፣ አንዲት የሥጋ ነጋዴ ሚስት ዳኛ ፊት ቀረበች። ስሟ ማርጋሬት ክሊዘሮው ይባላል። ክሱ ካቶሊክ ካህናትን በቤቷ ደብቃለች የሚል ነበር። በቤቷ የተገኘው ማስረጃ ጽዋ፣ ሥዕልና የቅዳሴ ልብስ ነው። ከሳሾቿ ማስረጃውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ብቻ አላለፉም። ሁለት ዱርዬዎችን የካህን ልብስ አልብሰው በችሎቱ መካከል አሾፉባት።

ማርጋሬት «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» ለማለት አሻፈረኝ አለች። ቃሏን ከሰጠች ልጆቿና የቤት ሠራተኞቿ በእሷ ላይ እንዲመሰክሩ ይገደዳሉ። በዘመኑ ሕግ ቃሉን የማይሰጥ ተከሳሽ ቅጣቱ በክብደት ተጭኖ መሞት ነበር። መጋቢት 25 ቀን መሬት ላይ አስተኝተው፣ በላይዋ በር ጭነው፣ በበሩ ላይ ከባድ ድንጋይ ከምረው ገደሏት።

አንድ ልብስ ለሞት የሚያበቃ ማስረጃ እስኪሆን ድረስ ምን ቢሸከም ነው? መልሱን ለማግኘት ከችሎቱ ወደ ኋላ ብዙ መቶ ዓመታት መሄድ ያስፈልጋል። ከዚያም ወደ ፊት። ምክንያቱም የዚህ ልብስ ታሪክ ስለ ክርና ጨርቅ ብቻ አይደለም። «የአባቶቻችን ነው» የሚባለውን ነገር ማን ይወስናል፣ ማን ይቆርጣል፣ ማንስ ይሰፋል የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

▪️ ከመንገደኛ ካባ ወደ ቅዳሴ ልብስ

በላቲን ሥርዓት የሚቀድስ ካህን ከሁሉም በላይ የሚደርበው ልብስ ካዙላ ይባላል። ቃሉ በላቲን «ትንሽ ቤት» ማለት ነው። ስሙ ቅርጹን ይናገራል። በጥንቱ ካዙላ ሰውየው ጎጆ ውስጥ የገባ ይመስላል፦ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ለጭንቅላት ብቻ ቀዳዳ ያለው፣ እስከ እግር የሚወርድ እንደ ደወል የሰፋ ልብስ።

ሲጀመር ግን ምንም ቅዱስ ነገር አልነበረበትም። ሮማውያን ለብርድና ለዝናብ የሚለብሱት የመንገድ ካባ ነው። ሕዝቡ ፋሽኑን ሲለውጥ ካህናቱ አልለወጡም። የዕለት ልብስ የነበረው ቀስ በቀስ የመቅደስ ልብስ ሆነ። ብዙ «ጥንታዊ ሥርዓት» የሚባል ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። ዓለም ጥሎት ሲሄድ አንድ ቤት ብቻ ይዞት ይቀራል፤ የቀረበት ቤትም ቅዱስ ያደርገዋል።

ቀለሙም ቢሆን ከመጀመሪያ የተወሰነ አልነበረም። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኋላ ኢኖሴንት 3ኛ ተብለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ሰው፣ ገና ሳይሾሙ በጻፉት መጽሐፍ የሮምን ልማድ በነጭ፣ በቀይ፣ በጥቁርና በአረንጓዴ ዘረዘሩ። ለላቲን ሥርዓት በአጠቃላይ ደንብ ሆኖ የጸናው ግን በ1570 በወጣው የቅዳሴ መጽሐፍ ነው።

▪️ የለንደን መርፌ

በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ከሁሉ የላቀው የቤተ ክርስቲያን ጥልፍ ከእንግሊዝ የሚመጣው ነበር። በላቲን «ኦፑስ አንግሊካኑም» ይሉታል፤ የእንግሊዝ ሥራ ማለት ነው። በ1295 በሮም የተጻፈው የጳጳሱ ግምጃ ቤት መዝገብ የእንግሊዝ ጥልፍን ከ100 ጊዜ በላይ ይጠቅሳል። የታሪክ ጸሐፊው መነኩሴ ማቲው ፓሪስ እንደመዘገበው ደግሞ በ1246 ኢኖሴንት 4ኛ በእንግሊዝ ካህናት ልብስ ላይ ያዩት የወርቅ ጥልፍ አስጎመጃቸውና ከእንግሊዝ ገዳማት እንዲላክላቸው ጠየቁ።

የጥበቡ ምስጢር ከጨርቁ በስተጀርባ ነው። የወርቁ ክር በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ቅጥልጥል ነው። ይህ ክር ጨርቁን ሳይበሳ ከላይ ይነጠፋል። ከሥር የሚመጣ የተልባ ክር የወርቁን ክር ይዞ በጥቂቱ በጨርቁ ቀዳዳ ወደ ኋላ ይስበዋል። እያንዳንዱ የተሳበበት ነጥብ እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ስለዚህ በወርቅ የተሞላው ልብስ እንደ ቆርቆሮ አይደርቅም፤ ከካህኑ ጋር ይታጠፋል፣ ይወዛወዛል፣ የሻማውን ብርሃን ይመልሳል። የቅዱሳኑ ፊት ደግሞ በቀጭን ሐር፣ ጉንጩ ላይ በክብ እየዞረ ይሰፋል፤ ፊቱ ከጨርቁ የተነሣ ያህል ጎላ ብሎ ይታያል።

ከሠሪዎቹ የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል። ከቀሩት አንዷ የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ማቤል ናት። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ከ1239 ጀምሮ ካዙላ እንድትሠራ አዘዟት፤ ዕንቁና ወርቅ ተሰጥቷት ለዓመታት ሠራች። በ1256 ንጉሡ ወደ ከተማዋ ሲመጡ አስታውሰዋት ጨርቅና የጥንቸል ቆዳ ገበር ያለው ልብስ እንዲሰጣት አዘዙ። ያ ትእዛዝ በመንግሥት መዝገብ ስለተጻፈ ዛሬ ስሟ ይታወቃል። የጥበበኛ ስም ከሥራው ሳይሆን ከሒሳብ መዝገብ የሚገኝበት ዘመን ነበር።

እዚህ ላይ «ንጹሕ ትውፊት» ለሚሉ ሁሉ አንድ ሌላ ምስክር አለ። በጣሊያን ፌርሞ ከተማ ካቴድራል፣ የካንተርበሪው ሰማዕት የቅዱስ ቶማስ ቤኬት ነበር ተብሎ የሚነገርለት ካዙላ ተቀምጧል። ጨርቁ በሙስሊሞች አገዛዝ ሥር ከነበረችው ስፔን የመጣ ሲሆን በወርቅ የተጠለፈው ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ያን ልብስ የተቀበሉ ካህናት ጽሑፉን ፍቁ አላሉም። ያማረ ነበር፣ የከበረ ነበር፤ በቃ።

▪️ የመጀመሪያው መቀስ፦ ምቾት

ካዙላውን መጀመሪያ የቆረጠው ጠላት አልነበረም፤ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ካህኑ ኅብስቱንና ጽዋውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ለሕዝብ የማሳየት ሥርዓት ተስፋፋ። ለዚያ ክንድ ነጻ መሆን አለበት። ጨርቁም ከፋይና ወርቀ ዘቦ እየሆነ ከበደ። መፍትሔው ከጎን መቁረጥ ነበር። በየትውልዱ ጥቂት እየተቀነሰ ሄዶ፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ካዙላው ከፊትና ከኋላ የሚንጠለጠል የደረቀ ሰሌዳ መሰለ። የፊቱ ቅርጽ ከቫዮሊን ጋር ስለሚመሳሰል እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠሩታል።

የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ በ16ኛው መቶ ዘመን ወርዱ ከተወሰነ ልክ እንዳይጠብ መመሪያ አውጥተው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

አንድ ልማድ ግን ሳይቆረጥ ቀረ። ካህኑ ኅብስቱን ሲያነሣ ከኋላው የተንበረከከው አገልጋይ የካዙላውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ይህ የተጀመረው ሰፊው ካባ ክንድን ስለሚጎትት ነው። ካባው ጠቦ ክንድ ሙሉ በሙሉ ከተገለጠ በኋላም አገልጋዩ ጫፉን መያዙን አልተወም። እጅ ያስታውሳል፤ አእምሮ ግን ለምን እንደሆነ ረስቶታል።

▪️ ሁለተኛው መቀስ፦ መንግሥት

በሄንሪ 8ኛ ዘመን ገዳማት ተዘጉ። በልጃቸው በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ በ1552 የወጣው የጸሎት መጽሐፍ የቅዳሴውን ልብስ ከለከለ። የመንግሥት ሹማምንት በየአጥቢያው ዞረው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ቆጠሩ፤ ከዚያም ወረሱ። ወርቅ ያለበት ጥልፍ ዕጣው ብዙ ጊዜ እሳት ነበር። ጨርቁ ይቃጠላል፣ ወርቁና ብሩ ከአመዱ ይለቀማል። ማቤልና መሰሎቿ ዓመታት የፈጁበት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ላይ የሚወጣ ብረት ሆነ። ያልተቃጠለው የአልጋ ልብስና የወንበር ሽፋን ሆኖ ቀረ።

የተረፉትም ጠባሳ አላቸው። ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታየው በትለር ቦውደን የሚባለው የ14ኛው መቶ ዘመን ካባ ተቆራርጦ ካዙላ፣ የአንገት ሰቅ፣ የክንድ ሰቅና የመሠዊያ ልባስ ተሠርቶበት ነበር። ኋላ ቁርጥራጩ ተለቅሞ እንደገና ካባ ሆነ። በዚያው ሙዚየም ያለው የሳየን ካባ ደግሞ የመነኮሳይያት ስደት ታሪክ ነው። በ1415 ሄንሪ 5ኛ ያቋቋሙት የሳየን ገዳም በ1539 ሲዘጋ እናቶቹ አገር ለቀቁ። ፍላንደርስን፣ ፈረንሳይን አቋርጠው በ1594 ሊዝበን ገቡ። ካባው አብሯቸው ተሰደደ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አብሯቸው ተመለሰ።

በኤልሳቤጥ 1ኛ ዘመን ሕጉ ከጨርቅ አልፎ ሰው ላይ መጣ። በ1585 የወጣው አዋጅ በውጭ አገር የተሾመ ካቶሊክ ካህን እንግሊዝ ቢገኝ በአገር ክህደት፣ ያስጠጋውም ሰው በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። ማርጋሬት ክሊዘሮው ከአንድ ዓመት በኋላ የሞተችው በዚህ ሕግ ተከሳ ነው።

▪️ በሻንጣ የሚዞር መቅደስ

የተከለከለ ነገር ቅርጹን ይለውጣል። በላንካሸር ስቶኒኸርስት ኮሌጅ አንድ አሮጌ ሳጥን አለ። ከውጭ ሲታይ የመንደር ለመንደር ቸርቻሪ ዕቃ መያዣ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሳምልስበሪ በሚባል አሮጌ ቤት ግንብ ውስጥ ተደብቆ የተገኘው ይህ ሳጥን ውስጡ የቅዳሴ ልብስና ንዋየ ቅድሳት ነበር። ካህኑ ነጋዴ መስሎ ይገባል። ሳጥኑን ቢከፍቱት የሴት ቀሚስ ቅዳጅ የሚመስል ሐር ያያሉ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካዙላዎች በእርግጥም ከሴቶች ቀሚስ የተሠሩ ነበሩ።

በዚህ ጨለማ ውስጥ የአንዲት ሴት መርፌ ጎልቶ ይታያል። ሄሌና ዊንቱር ትባላለች። አባቷ ሮበርት ዊንቱር በ1605ቱ የባሩድ ሴራ ተካፍሎ በ1606 የተሰቀለ ነው። የከሃዲ ልጅ ተብላ፣ ሳታገባ፣ በዉስተርሸር ኖራ በ1671 ሞተች። ባሩድ የአባቷን ቤት አፈረሰው። እሷ መርፌ አነሣች። በዕንቁ፣ በወርቅና በሐር አበባ የሞላ የቅዳሴ ልብስ ሠራች፤ ዛሬም አብዛኛው በስቶኒኸርስት አለ። በአንዱ ላይ በላቲን «ስለ እኔ ስለ ሄሌና ዊንቱር ጸልዩ» የሚል ጠለፈች።

ይህች አጭር ጽሑፍ ምን ያህል ድፍረት እንደነበረች ልብ ማለት ይገባል። ልብሱ ቢያዝ ማስረጃ ነው። ስሙ የተጻፈበት ልብስ ደግሞ ፊርማ ያለበት የእምነት ቃል ነው። ማቤልን የምናውቃት ንጉሥ ስለጻፏት ነው፤ ሄሌናን የምናውቃት ግን ራሷን ስለጻፈች ነው።

▪️ ሦስተኛው መቀስ፦ ሮም

በ1829 እንግሊዝ ካቶሊኮችን ከአብዛኛው የሕግ ገደብ ነጻ አወጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ካቶሊክ ሆነ። አውገስተስ ፑጂን ይባላል፤ የእንግሊዝ ፓርላማን የውስጥ ጌጥ የነደፈው ሰው ነው። ፑጂን የዘመኑን ጠባብ ካዙላ ሲያይ ያንገሸግሸው ነበር። የመካከለኛውን ዘመን ሐውልቶች፣ የመቃብር ነሐሶችና የተረፉ ቁርጥራጮች እየለካ ሰፊውን፣ በትከሻ ላይ የሚፈሰውን ካዙላ መልሶ ነደፈ። በ1844 ስለ ቤተ ክርስቲያን ጌጥና ልብስ ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሥራውን በበርሚንግሃም ከጆን ሃርድማን ድርጅት ጋር የሚሠሩ ሴት ጥልፍ ሠሪዎች አወጡት።

ከዚያ የመጣው ተቃውሞ ግን ከፕሮቴስታንቶች ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ነው። የምዕራቡ አውራጃ ጳጳስ ቤይንስ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ሮም ደረሰ። በ1830ዎቹ መጨረሻ የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤው ፕሮፓጋንዳ ፊዴ የፑጂንን ልብስ ነቀፈ። በ1863 የሮም የሥርዓት ጉባኤ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጀርመንና ለቤልጅግ ጳጳሳት ደብዳቤ ጽፎ፣ ከቅድስት መንበር ሳይማከሩ የልብሱን ቅርጽ መለወጥ እንደማይገባ አሳሰበ። በ1925 ይኸው ተደገመ። በሩ የተከፈተው በ1957 ነው፤ ያኔ ጉዳዩ ለየአጥቢያው ጳጳስ አስተዋይነት ተተወ።

ነገሩን ቀለል አድርጎ ማየት ይቻላል፦ አዛውንት ስለ ልብስ ወርድ ተከራከሩ ብሎ መሳቅ። ሙግቱ ግን ጥልቅ ነበር። ሁለቱም ወገን «ትውፊት» የሚለውን ቃል ያነሣ ነበር። ሮም ትውፊት ማለት ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ነው ትላለች፤ ከእጅ ወደ እጅ የደረሰው ደግሞ ጠባቡ ነው። ፑጂን ደግሞ በየትውልዱ እየተቆረጠ የመጣው ትውፊት ሳይሆን የትውፊት ቅሪት ነው ባይ ነው። አንዱ ቀጣይነትን፣ ሌላው ምንጭን ያስቀድማል።

ሁለቱም ያልተናገሩት ነገርም አለ። ፑጂን «ጥንታዊ» ብሎ የመለሰው ልብስ የ19ኛው መቶ ዘመን ንድፍ ነው። ሥር ያለው፣ ግን አዲስ። ሮም «የተለመደ» ብላ የጠበቀችው ጠባብ ቅርጽ ደግሞ ሲወለድ ቦሮሜዮን የሚያስቆጣ አዲስ ፋሽን ነበር። የትናንቱ ፈጠራ የዛሬ ቅርስ ሲሆን፣ የትናንት ወዲያው ቅርስ ደግሞ የዛሬ ፈጠራ ተብሎ ይከሰሳል።

በ1963 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ከብልጭልጭ ይልቅ ክብር ያለው ውበት እንዲፈለግ፣ የየአገሩ ጳጳሳትም የልብሱን ጨርቅና ቅርጽ ከሕዝባቸው ልማድ ጋር እንዲያስማሙ ፈቀደ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሠዓሊው ሄንሪ ማቲስ በደቡብ ፈረንሳይ ቫንስ ለሚገኘው፣ በ1951 ለተባረከው ጸሎት ቤት፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ካዙላ ነድፎ ነበር። መቀስ ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም ማለት ነው። ማን እንደያዘውና ለምን እንደያዘው ይወስነዋል።

▪️ ሙግቱ በእኛ ምድር

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መምሰል የለበትም። አገሪቱ የሥርዓትን ጉዳይ በደም ከፍላበታለች። አፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮም ታማኝነታቸውን ካወጁ በኋላ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ በአባቶቹ የያዘውን ሥርዓት በሮም ልክ ሊቆርጡት ሞከሩ። ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ ተባለ። ውጤቱ እልቂት ሆነ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው መጣ። ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ፣ አቡነ ያዕቆብ፣ በ1839 ትግራይ ገቡ። የላካቸው በዚያው ሰሞን የፑጂንን ካዙላ የነቀፈው ፕሮፓጋንዳ ፊዴ ነው። እኚህ ሰው ግን መቀስ ይዘው አልመጡም። ቋንቋውን ተማሩ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ፣ የግዕዙ ሥርዓት እንዲጠበቅ ቆሙ። በ1860 በመንገድ ላይ ሞተው ሄቦ ተቀበሩ። የሃይማኖት ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በሜንዴዝና በእሳቸው መካከል ያለው ርቀት ግልጽ ነው። አንዱ ሕዝቡን ለልብሱ ሊለካ ሞከረ፤ ሌላው ልብሱን ለሕዝቡ ለካ። ዛሬ በኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካህናት ካባ ሲደርቡ፣ በደቡብና በምዕራብ በላቲን ሥርዓት የሚቀድሱት ካዙላ ይለብሳሉ። ሁለቱ ልብሶች በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ጣሪያው አልወደቀም።

▪️ ምን ቀረ?

የልብሱን ታሪክ የጻፉት የሚመስሉት ነገሥታት፣ ጳጳሳትና ጉባኤዎች ናቸው። አዋጅ አወጡ፣ ቆጠሩ፣ አቃጠሉ፣ ከለከሉ፣ ፈቀዱ። ሆኖም የእንግሊዝ ጥልፍ ከጠፋበት የመለሰው አዋጅ አይደለም። ካባ ተሸክመው ባሕር የተሻገሩ መነኮሳይያት፣ ቀሚሳቸውን ቀደው ለመሠዊያ የሰጡ ሴቶች፣ የተቆረጠውን ለቅመው የሰፉ እጆች ናቸው።

በየአገሩ ስለ ቅርስ የሚጮኸው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መርፌ ይዞ ከማያውቅ ሰው ነው። «ይህ የእኛ ነው፣ ያ ባዕድ ነው» ለማለት አፍ ይበቃል። ለማስቀጠል ግን ክሩን የሚያውቅ እጅ፣ ለእጁ የሚከፍል ማኅበረሰብ፣ ከእጁ የሚማር ልጅ ያስፈልጋል። ወርቁ ከአመድ ሊለቀም ይችላል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የሆነውም ይኸው ነው። ወርቁን በጨርቁ ላይ ያነጠፈው እውቀት ግን አንዴ ከተቃጠለ ከአመድ አይለቀምም።